የቤሩቷ አጥቢያ፣ ክረምት 1998

ዓርብ፣ ሐምሌ 7

ቀኑን ሙሉ ስልክ ስደውል ዋልኩ። አይገባም። ሲገባም አንዲት ሴት በዐረብኛ ታወራለች፤ የተቀዳ ድምፅ ነው። የቤሩት አውሮፕላን ማረፊያ መመታቱን የሰማሁት ከጎረቤታችን ከጋሽ መሐመድአሚን ሱቅ ነው። ስኳር ልገዛ ገብቼ ሬዲዮኑን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው አገኘኋቸው። ልጃቸው ረውዳ እዚያው ናት፣ እንደ ልጄ። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። እኔም ስኳሩን ሳልገዛ ወጣሁ።

ልጄ ፀሎት ቤሩት ከሄደች ሦስት ዓመቷ። ሰው ቤት ትሠራለች። እሑድ እሑድ ፈቃድ የሚያገኙት የኛ ልጆች የሚሰበሰቡባት፣ አንድ ሕንጻ ሥር ያለች አዳራሽ አለች፤ የካዛንቺሷ ቤተ ክርስቲያናችን ቅርንጫፍ ናት። የጀመሯት የቤት ሠራተኞቹ ራሳቸው ናቸው። ሲበዙ አገልጋይ ላኩልን አሉና ሽማግሌዎቻችን ወንጌላዊ ኃይለገብርኤልን ላኩላቸው። እኔ እዚሁ የቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ ጸሐፊ ነኝ። ደብዳቤ እተይባለሁ፣ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ፣ ስልክ አነሳለሁ። ከቤሩት የሚደወለው ሁሉ መጀመሪያ የሚደርሰው እኔ ጆሮ ነው።

ዛሬ ምንም አልደረሰም።

እሑድ፣ ሐምሌ 9

ደወለች። ስሙ ይመስገን፣ ደወለች።

«እማዬ፣ ደህና ነኝ። አዳራሹ ውስጥ ነኝ።»

«እመቤትሽስ?»

«ከነቤተሰቧ ወደ ተራራው ወጣች። ነይ አለችኝ፤ አልሄድኩም።»

«ለምን?»

ተቆረጠ። መስመሩ ነው የተቆረጠው።

ከቢሮው ስወጣ ግቢው በወላጅ ተሞልቷል። ይህ ሁሉ ሰው ልጁን ቤሩት መላኩን አላውቅም ነበር። የማኅበራችን ያልሆኑም መጥተዋል። አንዲት ነጠላዋን አጥብቃ ያጣፋች ሴት ደረጃው ላይ ብቻዋን ተቀምጣ አየኋትና ጠጋ አልኩ። ከላንቻ ነው የመጣችው፤ ጀማነሽ ትባላለች።

«የናንተ ቢሮ ከቤሩት ጋር ስልክ አለው ሲሉ ሰምቼ ነው። እኔ የማርያም ልጅ ነኝ፣ አልዋሽሽም። ልጄ አርያም ግን እዚያ ናት።»

«እዚህ ቁጭ ለማለት ማንም ሃይማኖት አይጠይቅሽም» አልኳት።

እንዲህ ማለቴ ደስ አለኝ። ማታ ሳስበው፣ ትንሽ ለመመስገን ብዬም ነው የተናገርኩት።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 12

ዝናብ። ስልክ የለም። የሞባይል መልእክት ከዓምናው ምርጫ ወዲህ ዝግ ነው፤ ቢከፈት ኖሮ አንድ ቃል ትልክልኝ ነበር። ጀማነሽ ዛሬም መጣች። ጋሽ መሐመድአሚን ከአጥሩ ማዶ ሆነው «ወሬ አለ?» ይላሉ፤ «የለም» እላለሁ። በቃ፣ ቀኑ ይኸው ነው።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 13

ጠዋት የቢሮውን በር ስከፍት ወንጌላዊ ኃይለገብርኤል ከነሻንጣው ቆሟል። የበረንዳውን ምሰሶ ተደግፎ፣ ፂሙ አድጎ።

«በሶርያ በኩል ወጣሁ፣ እትዬ የሺሃረግ። መንገዱ ሳይዘጋ ውጡ ተባለ። ፓስፖርት እጁ ላይ ያለ ሰው መውጣት ይችል ነበር።»

ፓስፖርት እጁ ላይ ያለ ሰው። የልጆቹ ፓስፖርት በአሠሪዎቻቸው እጅ ነው፤ ይህን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ሻይ አፈላሁለት። ሚስቱ መውለጃዋ ደርሷል፤ ሰው ነው፣ ልፈርድበት አይገባኝም። ሊጠጣው ሲል ስኳር አለማድረጌን አየሁ፤ ተነሥቼ ግን አላመጣሁለትም።

«ልጄስ?»

«እሷ… አዳራሹን ማን ይጠብቅ ስል፣ እኔ አለች። ሌላ ማንም አልተናገረም።» ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ቀረ። «ሠላሳ የሚሆኑ እዚያ ያድራሉ። እየጨመሩም ነው።»

አልፈርድበትም።

እሑድ፣ ሐምሌ 16

ጋሽ መዝገቡ ኃይለገብርኤልን መድረክ ላይ አወጡትና «ጌታ ባሪያውን ከእሳት አውጥቶታል» አሉ። እልልታው ጣራውን ሊያነሳ ደረሰ። እኔ መሐረቤን ቦርሳዬ ውስጥ እየፈለግኩ ነበር፤ ጭብጨባው እስኪያልቅ አላገኘሁትም።

ጋሽ መዝገቡ የሽማግሌዎቻችን ሰብሳቢ ናቸው። በደርግ ጊዜ ለዚህች ቤት ብለው የታሰሩ ሰው ናቸው። እሳቸውን ማማት ለኔ ከባድ ነው።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 18

ዛሬ ረጅም ሰዓት አወራን። የሰማሁትን ሳልረሳ ልጻፈው።

አሠሪዎቹ ሲሸሹ ብዙዎቹ ልጆቹን ቤት ቆልፈውባቸው ነው የሄዱት። ዕቃ እንዲጠብቁ። ፀሎትና ጓደኞቿ ጧት ጧት መንገድ ላይ ይወጡና አንገታቸውን ወደ ፎቁ አቅንተው በአማርኛ ይጣራሉ፦ «ሐበሻ አለ? ሐበሻ አለ?» መጀመሪያ ዝም ይላል። ከዚያ አንድ መስኮት ይከፈታል፣ አንድ እጅ ይወጣል። የሕንጻ ዘበኞቹ አብዛኞቹ ሶርያውያን ናቸው፤ አንዳንዱ ይከፍታል፣ አንዳንዱ ይሳደባል። ካልከፈተ ዳቦና ውኃ በገመድ ይልካሉ።

«ማን ላካችሁ?» አልኳት።

«ማንም።»

«ቦምብ እየወረደ መንገድ ላይ?»

«እማዬ፣ እዚያ ሰፈር ብዙም አይወርድም።»

ብዙም።

ከዚያ ድምጿን ለወጥ አድርጋ፣ «ጋሽ መሐመድአሚንን ጥሪልኝ፤ ረውዳን ከአራተኛ ፎቅ አውርደናታል» አለችኝ። እንደ ጎረምሳ እየሮጥኩ ወጣሁ። ጋሽ መሐመድአሚን ሱቃቸውን ክፍት ጥለው መጡ። ስንት ዘመን ጎረቤት ሆነን ግቢያችንን ረግጠው አያውቁም፤ ጫማቸውን በር ላይ ሊያወልቁ ሲሉ «ግዴለም ይግቡ» አልኳቸው። ስልኩን ሰጠኋቸው። «ረውዳዬ» ብለው ከዚያ ወዲያ መናገር አልቻሉም፤ ዝም ብለው ይሰማሉ። በኋላ እንደነገሩኝ፣ አዳራሹ ውስጥ መዘምራኑ ዕቃ የሚያስቀምጡበትን ጥግ ለሷና ለሌሎች ሙስሊም ልጆች መስገጃ ለቀውላቸዋል።

«ልጅሽን አላህ ያቆይልሽ» አሉኝ።

አሜን። ያቆይልኝ። ግን እዚያ አይደለም። እዚህ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 21

መቀመጫ ተገኘላት! ወደ ሶርያ የሚወጣ የእርዳታ ድርጅት አውቶቡስ ላይ። ጋሽ መዝገቡ የሚያውቁት ሰው አለ፤ ስንት ቦታ ስልክ መቱላት። እግዜር ይስጣቸው። በፓስፖርቷ ፈንታ መሸኛ ወረቀትም ይሠራላታል። ነገ ትነሳለች።

አንሶላ አጠብኩ። በዚህ ዝናብ አይደርቅም። በካውያ አደርቀዋለሁ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 24

መቀመጫዋን ለአርያም ሰጠች። ለጀማነሽ ልጅ። አርያም ከተቆለፈባት ቤት በበረንዳ ዘልላ እግሯ ተሰብሮ ነበር፤ አዳራሹ ተሸክመው ነው ያስገቧት። ዛሬ ሌሊት አዲስ አበባ ገባች።

ጀማነሽ ቢሮ መጥታ እግሬ ሥር ወደቀች። አነሳኋት፣ ሳምኳት፣ አብሬያት አለቀስኩ። ደስ ብሎኛል። የሰው ልጅ ተርፋለች፤ ለምን ደስ አይለኝም? ደስ ብሎኛል።

ፀሎት ስትደውል ግን ጮህኩባት።

«አንቺ ማነሽ? ነቢይ ነሽ? ወታደር ነሽ? የወልደአማኑኤል አንድ ልጅ አይደለሽም?»

አባቷን ከመቃብር ጠራሁባት። ቆይታ ቆይታ፣ «እማዬ፣ እግር የሌላትን ጥዬ በእግሬ ልግባ?» አለችኝ። ከዚያ ደግሞ ቀስ ብላ፦ «ነይ ብለሽ ካዘዝሽኝ እመጣለሁ። ከቃልሽ አልወጣም፣ ታውቂያለሽ። ስለዚህ እባክሽ አትዘዢኝ።»

ስልኩን ዘጋሁባት። እኔ ነኝ የዘጋሁት።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 2

የድሬዳዋው ጎርፍ ወሬ ሁሉንም አስጨንቋል። ለዚያም ጾም ተይዟል፤ ጀማነሽ ፍልሰታዋን ይዛለች፣ እኛም የራሳችንን።

ከቤሩት የመጣው ወሬ ይህ ነው። ከደቡቡ ሰፈር የቆሰለች አንዲት የከንባታ ልጅ ወደ አዳራሹ አምጥተዋት ነበር። ሆስፒታሎቹ ሞልተዋል። ልጅቷ አልተጠመቅኩም፣ አጥምቁኝ አለች። ፀሎት በባልዲ ውኃ አጠመቀቻት። የጌታን እራትም በዳቦና በወይን ጭማቂ አቀበለቻት፤ ለሷም፣ አብረዋት ለነበሩትም። ልጅቷ በማግስቱ አረፈች።

ፀሎት ይህን ስትነግረኝ ድምጿ የደረቀ ነበር። «ልክ ነበርኩ እማዬ?» አለችኝ። ምን ልበላት? በኛ ቤት ሴት አታጠምቅም፤ የጌታን እራት አታቀርብም። «ልጅቷ ምን አለች?» አልኳት።

«በረደኝ አለች። ከዚያ ሳቀች።»

ሐሙስ፣ ነሐሴ 4

ወሬው ሽማግሌዎቹ ዘንድ ደርሷል። ጋሽ መዝገቡ ደብዳቤ አስተየቡኝ፦ በቤሩት ቅርንጫፍ ሥርዓት ተጥሷል፤ አገልጋይ እስኪመለስ ጥምቀትም የጌታ እራትም ይቁም፤ ስብሰባው ለጊዜው ይበተን። ፖስታ ስለማይሄድ በስልክ እንዳነብላት አዘዙኝ። «አንቺ እናቷ ነሽ፤ ከአንቺ ብትሰማው ይሻላል» አሉ። በቁጣ አልነበረም። ዓይናቸው ቀልቷል፤ እንቅልፍ እንዳላገኙ ያስታውቃል።

ቃል ሳልስት ተየብኩት። ከሰዓት ደወለች፤ መስመሩ ጥሩ ስላልነበረ ማንበብ አልቻልኩም። ረውዳ ጉንፋን እንደያዛት፣ ምስርም እንዳለቀባቸው ነገረችኝ።

«አነበብሽላት?» ሲሉኝ፣ «መስመሩ ተበላሸ» አልኳቸው።

ዓርብ፣ ነሐሴ 5

ዛሬም መስመሩ አልተስተካከለም።

ሰኞ፣ ነሐሴ 8

ተኩስ ቆመ! ጋሽ መሐመድአሚን ሱቅ በር ላይ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ከረሜላ ያድላሉ። ለእኔ ሙሉ ፓኬት። ጌታ ሆይ፣ ቃል የለኝም።

አሁን ትመጣለች።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 18

አልመጣችም። ነገሩ ደግሞ ሌላ መልክ ያዘ።

ሽማግሌዎቹ ኃይለገብርኤልን መልሰው ሊልኩት አስበው ነበር። የቤሩት ልጆች ግን በስልክ እንቢ አሉ። ሦስቱ ተራ በተራ ተቀባብለው አናገሩኝ፤ አንዷ ለጋሽ መዝገቡ እንዲነገር ብላ እንዲህ አለች፦ «ወንጌላዊን አንጠላም። ግን መንገድ ላይ ቆሞ ሲጠራን የሰማነው የፀሎትን ድምፅ ነው። መጋቢያችን እሷ ናት።»

ይህ ሳያንስ ስዊድን ያለ አንድ የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን ወሬውን ሰምቶ «እኛ እንቀበላችኋለን፤ መጋቢነቷንም እናጸድቅላችኋለን» ብሏቸዋል። ስዊድን! ከካዛንቺስ የሄደ ወንጌል በቤሩት ዞሮ ስዊድን ሊገባ። ጋሽ መዝገቡ ይህን ሲሰሙ ወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ ተደገፉ።

«የሺ፣ ልጆቹን እያጣናቸው ነው።»

«አዎ ጋሼ።»

«ልጅሽን ጥሪያት። እሷ ከተነሣች ነገሩ ይበርዳል። አንቺም ልጅሽን ታገኚያለሽ። ክረምቱን ሙሉ የለመንሽው ይህንኑ አይደል?»

ይህንኑ ነው። ሌላ ምን ለምኜ አውቃለሁ?

እስከ ማክሰኞ ስብሰባ ድረስ መልስ ስጪ ተባልኩ። ስልኩን አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ። አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ነይ። ለዐውደ ዓመት እዚህ ትሆናለች። ደምበል ወስጄ ጫማ እገዛላታለሁ፤ የሄደችበት ጫማ አሮጌ ነበር።

እሑድ፣ ነሐሴ 21

ከአምልኮ በኋላ ላንቻ ወርጄ አርያምን ጠየቅኩ። እግሯ በጀሶ ነው፤ ከስታዲየም የገዛሁላትን ብርቱካን እየላጠች አወራችኝ። ቀጭን፣ ተጫዋች ልጅ ናት። እናቷ ስትወጣ ጠብቃ፣

«ፀሎት እኮ ፈሪ ናት፣ ያውቃሉ?» አለችኝ።

«አውቃለሁ። ነጎድጓድ ሲያጓራ አልጋዬ ውስጥ ነበር የምትገባው።»

«ሁልጊዜ ልትወጣ ስትል ታስመልሳለች። መታጠቢያ ቤት ገብታ ታስመልስና ፊቷን ታጥባ፣ በሉ እንሂድ ትላለች። አንድ ቀን፣ ለምን ትወጫለሽ ታዲያ ስላት፣ እኔ ካልወጣሁ የሚወጣ የለም፣ አየሁት እኮ አለችኝ።» ብርቱካኑን አጋመሰችና ሰጠችኝ። «ማለቴ፣ ደፋር ስለሆነች እንዳይመስልዎ።»

በእግሬ ነው የተመለስኩት፤ ታክሲ መሳፈር አላሰኘኝም። ክረምቱን ሙሉ ልጄ የማትፈራ ሆናለች ብዬ ተቆጥቼ ነበር። ለካ እየፈራች ነው የምትወጣው።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 23

ዛሬ የሆነውን ሁሉንም ልጽፈው ነው።

ስብሰባው ላይ ቃለ ጉባኤ መያዣውን ለኃይለገብርኤል ሰጠሁትና ከሽማግሌዎቹ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ሁሉም ተያዩ።

«እህ፣ የሺ፣ ምን ወሰንሽ?» አሉ ጋሽ መዝገቡ።

«እንዳትጠይቁኝ ልለምን ነው የመጣሁት። ከጠየቃችሁኝ እጠራታለሁ። ከጠራኋት ትመጣለች። ከዚያ እዚያ ማን ይቀራል?»

«አገልጋይ እንልካለን።»

«ልካችሁ ነበር» አልኩ።

ኃይለገብርኤል አንገቱን ደፋ። ማለት አልነበረብኝም፤ ግን ወጣ።

ጋሽ መዝገቡ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለእናት ልብ ከባድ መሆኑን አጥቼው አይደለም። ቤት ግን ሥርዓት አለው። ሁሉም እንደ ሁኔታው ካጠመቀ፣ ሁሉም እንደ ሁኔታው ካቀበለ፣ ነገ ይህችን ቤት ማን ያውቃታል?»

ያን ጊዜ፣ ላነሳው አስቤ የማላውቀውን ነገር አነሳሁ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ከርቸሌ በነበሩ ጊዜ፣ ይህ በር ታሽጎ እኛ በየጓዳው ስንሰበሰብ፣ የጌታን እራት ማን ያቀርብልን ነበር?»

ሌሎቹ ሽማግሌዎች በዕድሜ ወጣቶች ናቸው፤ አያውቁም።

«ባለቤትዎ ነበረች» አልኩ። ነፍሷን ይማር፣ ከሞተች ቆይቷል። «በዳቦና በሻይ። መጋረጃውን ዘግታ።»

«ማንም አልፈቀደላትም» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰባበረ።

«ማንም አልፈቀደላትም። እኔ ግን ከእጇ ተቀብያለሁ። ያ እራት እራት ካልነበረ፣ እኔም እዚህ ቤት የለሁም።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከዚያ ኃይለገብርኤል እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«እኔ አልመለስም» አለ። «ብመለስ ልጆቹ አንድ ነገር ይጠይቁኛል፤ የት ነበርክ ይሉኛል። መልስ የለኝም። እሷን ግን ማንም እንዲህ አይጠይቃትም። ለልጆቹ መልሱን ጻፍ ካላችሁኝ፣ እኔው እጽፈዋለሁ።»

ተከራከሩ። አንዱ ሽማግሌ «ስዊድኖቹ ሊስቁብን ነው» አለ፤ ሌላው መተዳደሪያ ደንቡን ገለጠ። በመጨረሻ የወሰኑት ግማሽ ነገር ነው፦ ፀሎት የቤሩት አጥቢያ አስተባባሪ ሆና ታገለግላለች፤ የከንባታዋ ልጅ ጥምቀት ጥምቀት ነው፤ የቀረው ጉዳይ፣ ሰው ሄዶ አይቶ ሲመለስ ይታያል። መጋቢ የሚለውን ቃል አንዳቸውም በአፋቸው አላነሱትም።

ጋሽ መዝገቡ ሲወጡ በር ላይ ቆም አሉ። «የምሄደው እኔ ነኝ። ብቻዬን ሴቶች መሀል ገብቼ ምን እጠይቃለሁ? አንቺም ትሄጃለሽ።»

«እኔ ከሞያሌ አልፌ አላውቅም።»

«እኔም» አሉ።

ሰኞ፣ መስከረም 1 ቀን 1999

ጠዋት ደወለች። ውሳኔውን ከነገርኳት ቆይቷል፤ ዛሬ የደወለችው እንኳን አደረሰሽ ልትል ነው። ብላም መቀጠል አቃታት።

«ምን ሆንሽ?»

«ደክሞኛል እማዬ። ጦርነቱ እያለ አልደከመኝም ነበር። አሁን እሑድ ሲደርስ ሁሉም ያዩኛል፤ ምን እንደምላቸው አላውቅም። መጽሐፉን ገልጬ ቁጭ እላለሁ።» አለቀሰች። እንዲህ ስታለቅስ ከሰማኋት ዓመታት አልፈዋል። «አሁን ነይ በይኝ እስቲ።»

ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ነይ። ማንም አይወቅሰኝም ነበር።

«አልጠራሽም» አልኳት። «መምጣት ከፈለግሽ በሩ የአንቺ ነው፤ ማንንም ሳትጠይቂ ነይ። እስከዚያ ግን እኔ እመጣለሁ። እሑድ የምትይው ቢጠፋሽ እኔን አስነሺኝ፤ ምስክርነት እሰጣለሁ።»

«አንቺ? ሰው ፊት?»

«ለምደነዋል።»

በእንባዋ መሀል ሳቀች። እኔ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ያለቀስኩት።

ማክሰኞ፣ መስከረም 9

ፓስፖርት ላወጣ ኢሚግሬሽን ዋልኩ። ሰልፉ አጥሩን ዞሮ መንገድ ወርዷል፤ አብዛኛው ሴት ነው፣ አብዛኛው ልጅ ነው። ጦርነቱን ሰምተውም እየሄዱ ነው። ዱባይ፣ ጅዳ፣ ቤሩት። ከፊቴ ያለችው አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፤ የዋጋ ወረቀቱን ከአንገትጌው ሥር አላወጣችውም። ዞር ብላ አየችኝ።

«እናቴ፣ እርስዎም ለሥራ ነው?»

ጓደኞቿ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

«አይ። ቤሩት ቤተ ክርስቲያን አለን፤ መጋቢያችንን ልጠይቅ ነው።»

«እኔም ቤሩት ነኝ!» አለች። ከሳቋ ሥር ያለውን ፍርሃት አየሁት። «እሑድ ፈቃድ ከሰጡኝ ልመጣ እችላለሁ? ማለቴ፣ እኔ የናንተ ባልሆንም?»

«ነይ» አልኳት። «ባይሰጡሽም መስኮት ክፈቺና አድምጪ።»

የአዳራሹን ስልክ መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩላት። ላብ እንዳያጠፋው ሁለት ጊዜ አደመቅኩት።

«መጋቢው ማን ይባላሉ?»

«መጋቢዋ» አልኳት። «ፀሎት ወልደአማኑኤል። ልጄ ናት።»